የፎገራ ዋልካና የጋሽ ውበቱ ፒካፕ

ሰኞ ማለዳ፣ ባሕር ዳር

ጥቅምት ነው። ከጣና የሚመጣው ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። ከጋራዡ ግቢ የደረስኩት ገና ሳይነጋጋ ቢሆንም ጋሽ ውበቱ ቀድሞኛል። የፒካፗን ኮፋኖ ከፍቶ፣ እስከ ወገቡ ሞተሩ ውስጥ ገብቶ አገኘሁት። ሰላም ስለው ቀና እንኳ ሳይል፣

«ውሃ አለበት» አለኝ።

ከናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን ቡሎን ላላ አድርጎ በጣሳ ያጠራቀመውን አሳየኝ። ከናፍጣው በታች ባቄላ የምታህል የውሃ እንክብል ተኝታለች። ይህን በየማለዳው ያደርጋል። በበርሜል የሚመጣልን ናፍጣ ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃዋ አንዴ ፖምፓው ውስጥ ከገባች ደግሞ ሌላ ፖምፓ የምናገኝበት አገር የለም። ጣሳውን ደፍቶ ቡሎኗን አጠበቀ። ሞተሩን አስነሳና ጭሱን ቆሞ አየው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው በዝቷል፣ ሰማያዊ ከሆነ ዘይት ትበላለች፣ ነጭ ከሆነና ከሞቀች በኋላም ካልጠፋ ውሃ ወደ ሞተሩ እየገባ ነው። እኔ ይህን ከመጽሐፍ ተምሬዋለሁ። እሱ መጽሐፉን አላየውም።

ፒካፗ ንጉሡ ሳሉ የገባች ናት። የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ወደ ዜሮ ተመልሷል፤ ለሦስተኛው ሲቃረብ ገመዱ ተበጠሰና ቆመ። የሙቀት መለኪያዋም ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። መለዋወጫ እንዲገዛ ሦስት ጊዜ ተጽፎ ሦስት ጊዜ «በጀት ሲፈቀድ» የሚል መልስ መጥቷል። ያለ መለኪያ የምትሄደው ጋሽ ውበቱ ሙቀቷን በአፍንጫው ስለሚያውቅ ነው።

ከኋላዋ የምትጎትታት ነጭ ተሳቢ ቤት የአንድ የውጭ አገር አማካሪ ማረፊያ ነበረች። አልጋ፣ ትንሽ ምድጃ፣ ባለመስታወት ቁም ሣጥን፣ በነጭ ጋዝ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበራት። ሰውየው አብዮቱ ሲመጣ ቤቲቱን ጥሎ ወደ አገሩ ሄደ። መሥሪያ ቤታችን አልጋውን አውጥቶ የከብት ክትባት ማዞሪያ አደረጋት። ባላገሩ «የላሞች ሐኪም ቤት» ይላታል። ፍሬኗ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቁልቁለት ላይ የሚይዛት የፒካፗ ማርሽ ብቻ ነው።

እኔ ያኔ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ይዤ መካኒክ ሆኜ የተመደብኩት ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለዚህ ጉዞ የተላክሁት ፒካፗ መንገድ ላይ ብትቆም እንዳስነሳት ነው። ሦስተኛዋ ተጓዥ የእንስሳት ጤና ረዳት አለምነሽ ናት፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ከእኔ አራት ዓመት ትበልጣለች፤ ንግግር አታበዛም። ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለውን ክትባት በእጇ ቆጥራ አስገባች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን በአንገቷ አንጠለጠለችው። ክትባቱ የደስታ በሽታ የሚባለው ከብት ፈጅ መከላከያ ነው። ያን በሽታ ማን ደስታ ብሎ እንደሰየመው ማንም ሊነግረኝ አልቻለም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ከግቢው ወጣን።

ረፋድ፣ ሐሙሲት

የአባይን ድልድይ ተሻግረን፣ ዘንዘልማን አልፈን ጥርጊያው መንገድ ላይ ነን። ጋሽ ውበቱ ተሳቢ ሲጎትት አራተኛ ማርሽ አያስገባም፤ ሦስተኛው ላይ ይዞ በአንድ ድምፅ ይነዳል። ከኋላ የሚመጡ የጭነት መኪናዎች ጡሩምባ ነፍተው፣ አቧራቸውን አልብሰውን ያልፋሉ። እሱ ዞር ብሎም አያያቸው።

ሐሙሲት ላይ ቆምን። ሁለት ሴቶች ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ይዘው መጡ፤ እንቁላል ሦስቱ በስሙኒ። ጋሽ ውበቱ ሳይበላ ወደ ተሳቢዋ ሄደና እጁን የጎማዋ መሐል ላይ፣ ጎማው የሚዞርበት ኩሽኔታ ካለበት ቦታ፣ አሳረፈ። ቀኙ ጋ ቆየ። ግራው ጋ እጁን ቶሎ አነሣ።

«ና፣ እጅህን አሳርፍ» አለኝ። «አሥር እስክትቆጥር ከቻልክ ደህና ናት።»

አራት ላይ አነሣሁ። ይፋጃል።

ያን ኩሽኔታ ቅዳሜ ዕለት ያሰርኩት እኔ ነኝ። ክሪክ አምጥቶ ተሳቢዋን አነሣ፣ ክዳኑን ፈታ፣ ያጠበቅሁትን ዳዶ ሩብ ዙር አላላው፣ ግራሶ ጨመረበት። ከዚያ ጎማውን በአንድ ጣቱ ገፋ አደረገው። ጎማው ያለ ድምፅ ዞረ።

«ዲፕሎማው ማጥበቅ ብቻ ነው እንዴ የሚያስተምረው?» አለ።

በክፋት አልነበረም። እንቁላል ሻጮቹ ግን ሳቁ፤ አለምነሽም ፈገግ አለች። እስከ ወረታ ድረስ አፌን አልከፈትኩም። ይህን የምጽፈው ትንሽ ነገር መሆኑን እያወቅሁ ነው። በማግስቱ በዚህች ትንሽ ነገር ምን እንደሠራሁ ግን ማለፍ አልችልም።

ቀትር፣ ወረታ

የጉማራን ወንዝ ስንሻገር የፎገራ ሜዳ ተዘረጋ። ክረምቱን ሙሉ ሜዳው ላይ የተኛው ውሃ ወደ ሐይቁ እየሸሸ ነው፤ የሸሸበት መሬት ጥቁርና የሚያብረቀርቅ ዋልካ ነው። ኑግ አብቧል። ዥጉርጉር የፎገራ ላሞች እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ውስጥ ቆመው ይግጣሉ። ደብረ ታቦር የሚወስደው መንገድ የሚገነጠልባት ወረታ ዋና መንገዷን ቀይ ጨርቅ አልብሳ ጠበቀችን። የቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ሰው ለስኳር ተሰልፏል። ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች በደንገል ጠቅልለው በብር ሁለት ይሰጣሉ።

መኪናዋን ስንፈትሽ ከራዲያተሩ ወደ ሞተሩ የሚሄደው የታችኛው የውሃ ጎማ ያላብ ነበር። ጋሽ ውበቱ ከአሮጌ ካላማዳሪ ቀበቶ የምታህል ቆርጦ ጠመጠመበት፤ ላዩን በሽቦ ሦስት ቦታ አሰረው። «ይህ እስከ ባሕር ዳር ያደርሰናል፤ ካላስጨነቅናት» አለ። ዕቅዳችን ማክሰኞና ረቡዕ ከርብ ወንዝ ማዶ፣ መንገዱ ዳር ቆመን መከተብ ነበር። ባላገሩ ከብቱን ይዞ እንዲመጣ ተነግሮታል።

ማክሰኞ፣ ወረታ

ጠዋት ልንነሳ ስንል የወረዳው የፖለቲካ ሰው መጣ። ስሙን ጓድ መርሻ እለዋለሁ። ካኪ ልብሱ በደንብ የተተኮሰ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ ሲናገር እጁን ትከሻ ላይ የሚያሳርፍ ሰው ነው። ተሳቢዋን ዞሮ አያት። በሩን አስከፈተ። ቁም ሣጥኑን፣ መስኮቱን፣ መጋረጃውን ነካካ።

«በጣም ጥሩ» አለ። «ነገ ከላይ እንግዶች ይመጣሉ። ሐይቁ ዳር ያቋቋምነውን የአምራቾች ማኅበር ይጎበኛሉ። ማረፊያ ያስፈልጋቸዋል። ይህችን እዚያ ታደርሱልናላችሁ።»

«እኛ የመጣነው ከብት ልንከትብ ነው» አለችው አለምነሽ።

«ከብቱ የትም አይሄድም፣ ጓዲት።»

ከቀትር በኋላ ጭነቱ መጣ። ጄኔሬተር፣ የብረት ወንበሮች፣ ሁለት ወፍራም ፍራሽ፣ ሃያ ሣጥን ቢራ፣ ምንጣፍ። ማቀዝቀዣው ቦታ ይዟል ተብሎ ከነመቆሚያው ወጥቶ አንድ መጋዘን ገባ። አለምነሽ ክትባቱን በረዶ ባለው ሣጥን አድርጋ አቀፈችው። በረዶው እስከ ነገ ቀትር ይቆይ እንደሆነ ጠየቅኋት፤ «ቶሎ ከደረስን» አለችኝ።

ጋሽ ውበቱ ባርኔጣውን አውልቆ ጓድ መርሻ ፊት ቆመ።

«ጌታዬ፣ ባዶዋን ከሆነ በጥርጊያው መንገድ የትም አደርሳታለሁ። ወደ ሐይቁ የሚወስደው ግን ዋልካ ነው። ይህን ሁሉ ተጭኖ በአንደኛ ማርሽ ስትጎትት ሞተሯ ይጮኻል እንጂ ነፋስ አያገኝም። ትግላለች። አሮጊት ናት። ትሞትብናለች።»

«አትችልም ነው ወይስ አትፈልግም?»

«እኔ ስለ ሞተሩ ነው የምናገር።»

ጓድ መርሻ ወደ እኔ ዞረ። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገ። «አንተ የተማርክ ባለሙያ ነህ። ትወስዳለች ወይስ አትወስድም?»

ማወቁን አውቀው ነበር። ጎማው እንደሚያልብ፣ መለኪያው እንደሞተ፣ ዋልካ ላይ አንድ ሺህ ኪሎ መጎተት ምን እንደሚያደርግ ከጋሽ ውበቱ እኩል አውቃለሁ። ፈርቻለሁ፤ ያን ጊዜ ያልፈራ የለም። ግን ፍርሃት ብቻ ነበር ብዬ ብጽፍ ራሴን ማሳመር ነው። የሐሙሲት ሳቅ ገና አልወጣልኝም ነበር።

«ቀስ ተብሎ ከተነዳ ትወስዳለች» አልኩ።

ጋሽ ውበቱ አላየኝም። ባርኔጣውን አድርጎ ወደ መኪናዋ ሄደ። ከዚያ እስኪመሽ ድረስ ብቻውን ሠራ። ውሃው እንደልቡ እንዲዞር ቴርሞስታቱን አወጣ። የፋኑን ቺንጋ አጠበቀ። የራዲያተሩን ወንፊት የሞላውን ገለባና የሞተ አንበጣ በቀጭን ሽቦ አንድ በአንድ ለቀመ። ሦስት ጀሪካን ውሃ ከኋላ ካሶኒው ላይ አሰረ። ላግዝህ ስለው፣ «አንተ እረፍ፣ ነገ ቀስ እንድትል ትነግረኛለህ» አለኝ።

ረቡዕ፣ ከርብ ድልድይ ወደ ሐይቁ

ከማለዳው አንድ ሰዓት ላይ ተነሳን። ጓድ መርሻ ሁለት ሚሊሺያ ይዞ በጂፕ ከኋላችን ነው። እንግዶቹ በስድስት ሰዓት ይደርሳሉ ተብሏል።

የርብን ድልድይ ተሻግረን ወደ ግራ ታጠፍን። መንገድ የሚባል የለም፤ ከብት የሄደበት ፈለግ ነው። ላዩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጎማ ሲያርፍበት ከሥር ጥቁር ጭቃ ይወጣና ጎማውን ይዞ ይቀራል። ጋሽ ውበቱ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ፣ መሪውን እንደ ማረሻ በሁለት እጁ ጨብጦ ይነዳል። አለምነሽ ሣጥኑን ጭኗ ላይ አድርጋ በነጠላዋ ሸፍናዋለች።

ከዋናው መንገድ ብዙ ሳንርቅ፣ አንዲት የቤተ ክርስቲያን ዛፍ ሥር፣ ሰውና ከብት ተሰብስቦ አገኘን። ሐኪም ቤቷን ሲጠብቁ ማደራቸው ነው። የደብሩ አገልጋይ ቄስ ይትባረክ ከፊት ቆመዋል፤ እሳቸውም አሥራ አንድ ከብት ይዘው መጥተዋል። መኪናዋ ስትቀርብ ሰዉ ከብቱን ማሰለፍ ጀመረ። ጋሽ ውበቱ ሊቆም ሲል ከኋላ የጂፑ ጡሩምባ ተነፋ። አለምነሽ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «ከቀትር በኋላ እንመለሳለን፣ አባቴ፣ ይጠብቁን» አለቻቸው።

«እንጠብቃለን፣ ልጄ» አሉ ቄሱ። «እኛ ምን ሥራ አለን።»

ከዚያ ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሄድንም። ጋሽ ውበቱ አፍንጫውን ወደ መሪው አስጠግቶ አሸተተና ቆመ። ሞተሩን ወዲያው አላጠፋውም፤ በቀስታ እየዞረ ትንሽ እንዲተነፍስ ተወው፣ ከዚያ አጠፋ። ኮፋኖውን ሲከፍት ሙቀቱ ፊታችንን መታን። የጠመጠመው ካላማዳሪ ተልጦ ውሃው እየተንጠፈጠፈ ነው።

ጓድ መርሻ ከጂፑ ወርዶ ጫማው እንዳይነካ ሣር ሣሩን እየረገጠ መጣ።

«ምንድን ነው?»

«ግላለች። አንድ ሰዓት ትቀዝቅዝ፤ ጎማውንም አስረዋለሁ።»

«አንድ ሰዓት የለንም። ጀሪካን ይዛችሁ የለም? ውሃ ጨምሩባትና ሂዱ።»

«እንዲህ ግላ ቀዝቃዛ ውሃ ከገባባት ቴስታታው ይሰነጠቃል፤ የሞተሩ ራስ ማለቴ ነው። እሱ ከተሰነጠቀ መኪና የለም።»

ይህን ሲነጋገሩ ቄስ ይትባረክ ከሦስት ገበሬዎች ጋር በእግር ደረሱ። መቆማችንን አይተው ነው የመጡት። ነገሩን ሰሙና በቀስታ እንዲህ አሉ፦

«ጌቶች፣ ለምን ትቸገራላችሁ? ከመኪናዋ ፍቱልን። ስድስት በሬ ጠምደን ቤቲቱን እናደርሳታለን። ለምደናል፣ ግንድ እንጎትታለን። እናንተም እዚህ ከብቱን ትከትባላችሁ።»

ጋሽ ውበቱ ፊቱ በራ። ማገናኛውን ሊፈታ ጎንበስ አለ። ጓድ መርሻ ግን ድምፁን ሳያነሣ፣ «የአብዮቱን እንግዶች በበሬ በተጎተተ ቤት ልንቀበል ነው?» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «መካኒክ፣ ውሃ ጨምር።»

ጋሽ ውበቱ ጎንበስ እንዳለ ቀና ብሎ አየኝ። ከማክሰኞ ወዲህ ሲያየኝ የመጀመሪያው ነው። ራሱን ግራና ቀኝ አነቃነቀ፣ አንድ ጊዜ ብቻ።

ጀሪካኑን አነሣሁ። የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩት፤ እንፋሎቱ እስኪወጣ ዞር አልኩ፤ ከዚያ ጨመርኩ። ሙሉውን ጨመርኩ። ውሃው ሲገባ አንድ ቀጭን ድምፅ ከውስጥ መጣ፣ ምጣድ ላይ ውሃ ጠብ ሲል እንደሚሰማው ያለ። አለምነሽም ሰማችው። ጋሽ ውበቱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ተነስና ንዳ» አለው ጓድ መርሻ።

ነዳ። ሞተሩ እምቢ ሳይል ተነሣ፤ ከኋላ የሚወጣው ጭስ ግን እንደ ወተት ነጭ ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ሄድን። ከዚያ የብረት መፋጨት ተሰማ፤ ፒካፗ እንደ ተደናቀፈ ሰው ወደፊት ተወርውራ ቆመች። ጋሽ ውበቱ ቁልፉን ዞር አደረገው። ምንም የለም። ፒስተኖቹ ተይዘዋል። እጁን ከቁልፉ ላይ ሳያነሣ ብዙ ቆየ።

ከዚያ በሬዎቹ መጡ። ሌላ ምርጫ ስላልነበረ አሁን ተፈቀደላቸው። ስድስት በሬ ተጠምዶ ነጯን ቤት ከነቢራዋ፣ ከነመጋረጃዋ እየጎተተ ሐይቁ ዳር አደረሳት። ምንም አልከበዳቸውም። ጓድ መርሻ ጂፑን ከፊት አስቀድሞ አያያትም ነበር።

እንግዶቹ አልመጡም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከወረታ መልእክተኛ መጣ፤ ፕሮግራም ተለውጦ ከባሕር ዳር ተመልሰዋል። ሚሊሺያዎቹ ቢራ ከፈቱ።

አለምነሽ ሣጥኗን እንዳቀፈች ቤተ ክርስቲያኗ ድረስ በእግሯ ተመለሰች። ተከተልኳት። ዛፉ ሥር ደርሳ ሣጥኑን ከፈተች። በረዶው ለብ ያለ ውሃ ሆኗል። ብልቃጦቹን አንድ በአንድ አወጣችና መሬት ላይ ደፋቻቸው።

«ምነው ልጄ?» አሉ ቄስ ይትባረክ።

«ሞቷል፣ አባቴ። ብወጋቸው ውሃ መውጋት ነው። ልዋሽዎት አልፈልግም።»

«መቼ ትመለሳላችሁ?»

ባዶ ብልቃጦቹን ወደ ሣጥኑ መለሰች። ቄሱ ከብቶቻቸውን ነድተው ሄዱ። በዚያው ዓመት በጥር ደስታ ፎገራ ገባ። ከቄስ ይትባረክ አሥራ አንድ ከብት ሁለት ጥጃ እንደተረፈ የሰማሁት ከአለምነሽ ነው።

ሐሙስ፣ ወረታ

ጋሽ ውበቱን ረቡዕ ዕለት ከሜዳው ሳንመለስ ሚሊሺያዎቹ ወሰዱት። በማግስቱ እኔና አለምነሽ በየተራ ተጠራን። ክፍሉ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ የተደፋ ቀለም የደረቀበት ወለል። ጓድ መርሻ ሻይ አስመጣልኝ።

«የመንግሥት ንብረት ወድሟል» አለ። «ይህ ወይ አደጋ ነው ወይ አሻጥር። አደጋ ከሆነ ማን እንዳዘዘ ይጠየቃል። እኔ ያ እንዲሆን አልፈልግም።» ከዚያ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ አዞረልኝ። የአለምነሽ ጽሑፍ ነው። ያየችውን እንዳየችው ጽፋለች፤ ሾፌሩ እንደተቃወመ፣ ጓድ መርሻ እንዳዘዘ፣ ውሃውን የጨመረው መካኒኩ እንደሆነ፣ ስሜን ከነአባቴ። «ይህ ወረቀት እንዲጠፋ ትፈልጋለህ?» አለኝ።

ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኝ። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እጽፋለሁ።

ሾፌሩ የሙቀት መለኪያው እንደማይሠራ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። የራዲያተሩ ጎማ እንደሚያፈስ ያውቅ ነበር? ያውቅ ነበር። ቴርሞስታቱን ያወጣው ማን ነው? ሾፌሩ። ማን ፈቅዶለት? ማንም። ተሳቢዋ ተጭና እንዳትሄድ ተቃውሞ ነበር? ተቃውሞ ነበር። ሞተሩ ሲያዝ መሪውን የያዘው ማን ነው? ሾፌሩ።

«ውሃውስ?» አለ።

ብዙ አሰብኩ። ሻዩ ቀዘቀዘ። «ሞተሩ ግሎ ሳለ ውሃ ተጨመረበት» ብዬ ጻፍኩ። ማን እንደጨመረው አልጻፍኩም። ጓድ መርሻ አንብቦ፣ «ይበቃል» አለ። ፈረምኩ። ከጻፍኩት ውስጥ አንድም ሐሰት የለም። ከዚያን ቀን በፊት በእውነት ብቻ ሰው ማሰር እንደሚቻል አላውቅም ነበር።

ከበር ስወጣ አለምነሽ ደጃፉ ላይ ቆማለች። «ምን ጻፍክ?» አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ደብረ ታቦር መገንጠያ ሄደች። ከወር በኋላ ወደ ሩቅ ቆላ አዛወሯት፤ የቄሱን ከብቶች ወሬ የላከችልኝ ከዚያ ነው። በደብዳቤዋ ላይ ሌላ ምንም ቃል አልነበረም፤ ሰላምታም።

ቅዳሜ፣ ወደ ባሕር ዳር

ጤፍ የጫነ መኪና አገኘሁ፤ ከጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ጉማራን ስንሻገር ዞሬ ሜዳውን አላየሁም። ሾፌሩ ሐሙሲት ላይ ወርዶ ሻይ ሲጠጣ እኔ ከጆንያው አልወረድኩም። እንቁላል ሻጮቹ ግን አወቁኝ። «ሽማግሌውስ?» አለች አንደኛዋ። «ይመጣል» አልኩ።

ባሕር ዳር እንደገባሁ በቀጥታ ወደ ጋሽ ውበቱ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ በትክክል አልገባኝም። ልናገር ይሆናል፤ ወይ ሌላ ሰው ሳይቀድመኝ ነገሩን እኔ እንዳሻኝ ልናገር። ባለቤቱ ወይዘሮ ጥሩወርቅ በር ላይ ጌሾ ታሰጣለች። ብቻዬን ስታየኝ እጇን አራግፋ ተነሣች።

«እሱስ?»

«መኪናዋ ተበላሽታ... ወረታ ቀርቷል። ጥያቄ ነገር አለ፤ መጻጻፍ።»

ፊቴን አየችው። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች።

«አንተ አብረኸው ነበርክ አይደል?»

«አዎ።»

«እንግዲያ ደህና ነው። እኔ የምሰጋው ብቻውን ቢሆን ነበር። አንተ የተማርክ ልጅ ነህ፤ ታስረዳለታለህ።»

ገብቼ ካልበላሁ አልለቅም አለች። በላሁ።

ከዓመት በላይ ቆይቶ፣ ባሕር ዳር

እስከ ቀጣዩ መስከረም አሰሩት። መንጃ ፈቃዱን አልመለሱለትም። በእነዚያ ወራት እኔ የጋራዡ ኃላፊ ሆኜ ተሾምኩ፤ በሹመት ደብዳቤዬ ላይ «በታማኝነቱና በሙያ ብቃቱ» የሚል ቃል አለ። ፒካፗ ከሜዳው ተጎትታ መጥታ አጥሩ ሥር ቆማለች፤ ሣር በቅሎባታል። ቴስታታዋን ራሴ ፈታሁት። ስንጥቁ ካሰብኩት ቀጭን ነው።

አንድ ቀን የአንድ እህል መጋዘን የወፍጮ ሞተር ተበላሽቶ ተጠራሁ። በሩን የከፈተልኝ ዘበኛ ጋሽ ውበቱ ነው። ካፖርት ለብሷል። ከስቷል። ጥርሱ ጎድሏል። ልሸሽ አሰብኩ።

«ቴስታታው ነው ወይስ ፒስተኑ ብቻ?» አለኝ፣ ትናንት የተለያየን ይመስል።

«ቴስታታው። ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ሲሊንደር መሐል።»

«እዚያ ይሆናል ብዬ ነበር» አለ።

ይቅርታ ልለው አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«የጻፍከውን አንብበውልኛል። ሦስት ጊዜ። ውሸት ባገኝበት እከራከር ነበር። ግን ሁሉም እውነት ነው፤ መለኪያው አይሠራም፣ ጎማው ያፈሳል፣ ቴርሞስታቱን እኔ አወጣሁ። ምን ልበል?»

«ጋሼ...»

«ጥሩወርቅ አታውቅም» አለ። «አልነገርኳትም። ያን ቀን ቤት ድረስ መጥተህ አጽናንተሃታል። እስር ቤት ስትጠይቀኝ አንተን ታመሰግን ነበር፤ ዛሬም ጠዋት ስትጸልይ ከልጆቻችን ስም ቀጥላ ያንተን ትጠራለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ እሰማለሁ።»

ከኋላዬ አንድ የጭነት መኪና መጥቶ ጡሩምባ ነፋ። ጋሽ ውበቱ ጭሱን አንድ ጊዜ አየው፤ ከዚያ ሄዶ ሁለተኛውን መዝጊያ ከፈተለት።